ከኮምፒውተር ጋር እርቅ

ተክለወልድ ጃፓንን ማሸነፍ አቅቶት ሊፈነዳ ደርሷል።

ጃፓን ሲባል እውነተኛዋ አይደለችም፤ እሷማ ምን አደረገችው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለችዋ ናት። የዶርም ጓደኛው ተስፋጽዮን ሲመረቁ በፍላሽ የሰጠው የጦር ጨዋታ አለ። ሲከፈት የፓስፊክ ውቅያኖስ ከነደሴቶቹ ስክሪኑን ሞልቶ ይዘረጋል፤ የአሜሪካን መርከቦች ተክለወልድ ያዛል፣ የጃፓንን ኮምፒውተሩ። አንዱ መርከቦቹን አንቀሳቅሶ ተራውን ይለቃል፣ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። ለሰሚው ቀላል ነው። ለተጫዋቹ ግን ቆሽት የሚያሳርር ነገር ነው፤ ኮምፒውተር አይደክመው፣ አይርበው፣ አያፍር። ነዳጅ የጨረሰች አንዲት መርከብ ካለችህ፣ ውቅያኖሱ ሁሉ ቀርቶ እሷኑ ፈልጎ ያገኛታል። ተክለወልድ ደግሞ ማንም ሳያስገድደው ከባዱን ደረጃ መርጧል። እዚያ ደረጃ ላይ የሰመጠ ሰመጠ ነው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም። ይህን ትዕቢት ካላልነው ምን እንለዋለን?

ዲግሪ የሌለው ሰው አይደለም። ከደብረ ማርቆስ መጥቶ እዚሁ አርባ ምንጭ የውሃ ምህንድስና ተምሮ ተመርቋል። ጸዳለንም እዚሁ አግኝቶ አገባ። ጸዳለ ደጋ ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጅ ናት፣ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር ሕፃናት ታስተምራለች፤ የተከራዩዋትን ሁለት ክፍል ቤት ቀጥ አድርጎ ያቆመው የእሷ ደመወዝ ነው።

ሥራ አልተገኘም እንዳይባል ደግሞ ተገኝቶ ነበር። ካምባ የውሃ መሐንዲስ ይፈለጋል ተብሎ ተወዳደረ፣ አለፈ፣ ና ጀምር ተባለ። ጸዳለ ሸሚዙን ተኩሳ፣ ስንቁን ቋጥራ ሸኘችው። ሰውየው በማግስቱ ከች አለ። "ደርሼ ቦታው ተይዟል አሉኝ" አላት። ውሸት። ቦታው አልተያዘም ነበር፤ ሰዎቹ መንገድ መንገድ ሲያዩ ሰንብተው፣ አልመጣ ሲላቸው ነው ሌላ የፈለጉት።

ጸዳለ ይህን ለማወቅ አልቸገራትም። ሻሺቱ የምትባል የአክስቷ ልጅ ካምባ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። እሷ ናት ደውላ "ባልሽ ምን ሆኖ ነው? መናኸሪያ ቁጭ ብሎ ሙዝ ሲልጥ አየሁት፤ ቢሮው ግን አልደረሰም እያሉ ይፈልጉታል" ያለቻት። ጸዳለ እንዳወቀች ተክለወልድ ያውቃል። ያውቃል ግን አያነሳም። እሷም አታነሳም። አንድ ማዕድ ይበላሉ፣ አንድ አልጋ ይተኛሉ፣ መካከላቸው ግን ካምባ የሚያህል ወረዳ ገብቷል።

ተክለወልድ በልቡ ለራሱ ቃል ገብቷል፤ ይህን ጦርነት ያሸነፍኩ ዕለት እነግራታለሁ ብሎ። አንድ ነገር ያሸነፈ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ውሸቱን መናዘዝ ይችላል፣ የተሸነፈ ሰው ግን ውሸቱን ሲናዘዝ ምን ይቀረዋል? ሐሳቡ ይህ ነበር። ሞኝነት መሆኑን እሱም ሳይጠረጥር አልቀረም፤ ብቻ ጦርነቱ ከክረምት ጀምሮ አላልቅ አለ።

በዚህ መሀል ነው ጸዳለ ሰኞ ዕለት ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ የተናገረችው።

"አባቴ ነገ ይመጣል። ዓይኔን ልታከም ነው ይላል። እኔ ግን ሁሉን ነግሬዋለሁ። እሁድ ወደ ኦቾሎ ይመለሳል፤ እስከዚያ እውነቱን ካልነገርከኝ አብሬው እወጣለሁ።"

"የምኑን እውነት?" አለ ተክለወልድ።

"አንተ ታውቀዋለህ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዲህ ተክለወልድ ባደገበት አገር ሽማግሌ ለባልና ሚስት ጉዳይ ሲመጣ ወጉ የታወቀ ነው። ሽማግሌው ይቀመጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ "ምን ተገኘ? ምን ጎደለ?" ብሎ ይጠይቃል። ባል ያስረዳል፣ ሚስት ታስረዳለች፣ ጥቂት ይነታረካሉ፣ በመጨረሻ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተባብለው ይታረቃሉ። ስለዚህ መልሱን ሌሊቱን ሲያሰናዳ አደረ። መንገዱ ሩቅ ነው ይላል፤ ወባ አለ ይላል፤ ደመወዙ ለሁለት ቤት አይበቃም ይላል። ሦስቱም እውነት አይደሉም ማለት አይቻልም፤ እውነቱ ግን ከሦስቱም ውስጥ የለም።

አቶ ካሱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ኦቾሎ ላይ ሸማ ይሠራሉ፤ ሕዝቡ ዱቡሻ በሚለው የሸንጎ አደባባይም ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። ቆጮና ቅቤ ይዘው መጡ። ከልጃቸው ጋር በጋሞኛ ረጅም ወሬ አወሩ፤ ተክለወልድ ከዚያ ሁሉ ወሬ የራሱን ስምና "ካምባ" የሚለውን ብቻ ለየ። ይህን ሁሉ ዓመት አርባ ምንጭ ኖሮ፣ የጋሞ ልጅ አግብቶ፣ ከሰላምታ ያለፈ ጋሞኛ አለማወቁ ስንፍና ነው፤ ገበያውም የዩኒቨርሲቲው ወሬም በአማርኛ ሆነለትና ተኛበት።

ወሬው ሲያበቃ አማቱ ወደ እሱ ዞሩ። 'አሁን ጀመሩኝ' ብሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

"እዚህ ቆላው ይሞቃል" አሉት።

"አዎ አባባ፣ ይሞቃል።"

"እኛ ጋ ብርድ ነው" አሉና ተነሥተው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ጸዳለ ወደ ሥራዋ ወጣች። ተክለወልድ አማቱን ቁርስ አቀረበላቸው፣ አጠገባቸውም ተቀመጠና ጠበቀ። በሉ፣ አመሰገኑ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ምንም የለም። እሺ፣ ካልጠየቁኝ ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። አቶ ካሱ በርጩማቸውን ጎትተው ትከሻው ሥር ቁጭ አሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጨዋታ ነው አባባ። የባሕር ጦርነት።"

"ሰማያዊው ሁሉ ውሃ ነው?"

"ውሃ ነው።"

"ዓባያ ሐይቅን ያክላል?"

"ኧረ ዓባያ እዚህ ውስጥ ቢገባ አይታይም።"

አቶ ካሱ አላመኑትም። ከኦቾሎ አፋፍ ላይ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓባያን ቁልቁል ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ውሃ ቡናማ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ። እንግዳ ሆነው ነው እንጂ መከራከር ፈልገው ነበር።

ወዲያው የጃፓን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ብሎ የተክለወልድን ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሰመጠበት። ይህቺ ነዳጅ ጫኝ ደግሞ ከሃዋይ ተነሥታ ስንት ተራ ፈጅታ የመጣች ናት።

"አንተ ውሻ!" አለ ተክለወልድ።

"ማንን ነው?" አሉ አቶ ካሱ።

"ጠላቴን ነዋ።"

"የት ነው ያለው?"

"እዚሁ ውስጥ። ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚጫወተው።"

"ሰው ነው?"

"ሰው አይደለም።"

"ሰው ካልሆነ ለምን ትሰድበዋለህ?"

ተክለወልድ ተራውን ለቀቀ። እኚህ ሰው የሚጠይቁት አጥተው አይደለም ማለት ነው። መጠየቅ ይችላሉ። ስለ ነዳጅ ይጠይቃሉ፣ ስለ ደሴት ይጠይቃሉ፣ አውሮፕላን መርከብ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ይጠይቃሉ። "በዚህች ትንሿ መርከብ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ምሳ በልተዋል?" ብለውም ጠይቀዋል። የመጡበትን ብቻ አይጠይቁም።

ሐሙስም እንደዚሁ ሆነ። ምሳ ላይ ተክለወልድ ራሱ የወሬውን በር ሊከፍትላቸው ሞከረ። "አባባ፣ ጸዳለ ሰሞኑን ትንሽ ከፍቷታል" አለ፣ 'ለምን?' እንዲሉት።

"አይቻለሁ" አሉ አቶ ካሱ። ኩርኩፋ የሚባለውን የበቆሎ ድቡልቡል ምሳቸውን አላመጡ፣ የሽፈራው ቅጠሉ በዝቶበታል አሉ፣ ውሃ ጠጡ። በቃ።

የተክለወልድ አንጀት አረረ። ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል? ወይ ቁጣህን ተቆጣ፣ ወይ ፍርድህን ፍረድ፣ ወይ ልጅህን ይዘህ ሂድ። ሳምንቱን ሙሉ ትከሻ ላይ ተቀምጦ የመርከበኛ ምሳ መጠየቅ ምን የሚሉት ሽምግልና ነው? ማታ ማታ ጸዳለ ስትመጣ አባትና ልጅ በጋሞኛ ያወራሉ። እሷ አንዴ በዓይኗ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ተክለወልድ ይህን አይቷል። 'እየፈረዱብኝ ነው' አለ በሆዱ፣ 'ቃሌን ሳይሰሙ ነው የፈረዱብኝ።' እንዲህ ካሰበ በኋላ ደግሞ ራሱን እንደ ተበዳይ ቆጠረ። ውሸታም ሰው ሲበደል የሚሰማው ደስታ ለብቻው ነው።

ዓርብ ጠዋት አማቱን ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ዓይናቸው ጤነኛ ነው፤ ጠብታ ሰጥተው ሸኟቸው። በባጃጅ ሲመለሱ ተክለወልድ 'አሁን እንኳ ብቻችንን ነን' ብሎ ጠበቀ። አቶ ካሱ ባጃጁ ስንት ጎማ እንዳለው ጠየቁት።

ቤት እንደደረሱ ግን የማይታመን ነገር ሆነ። ከክረምት ጀምሮ ያልታየ ነገር። የጃፓን ዋናው ጦር፣ አውሮፕላን ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ፣ ከአንድ ደሴት ሥር ነዳጅ ጨርሶ ቆሟል። ተክለወልድ ዓይኑን ማመን አቃተው። በሰሜን ዘጋ፣ በደቡብ ዘጋ፣ ባሕር ሰርጓጆቹን መውጫው ላይ አስተኛ። ሁለት ተራ ቢሰጠው፣ አዎ ሁለት ተራ፣ ጃፓን ታሪክ ናት። ማሸነፉ ነው። ካሸነፈ ደግሞ ማታ ጸዳለ ስትመጣ ይነግራታል፤ ቅዳሜን በሰላም ይውላሉ፣ እሁድ አማቱን ሁለቱም ይሸኛሉ። ልቡ እንደ ልጅ ዘለለ።

ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ አለች። ተክለወልድ አነበባትና ከት ብሎ ሳቀ። ዝም ብሎ ቢያነብ ምን ነበረበት? አልቻለም፤ ደስታው ብቻውን አልበቃውም።

"እዩት አባባ፣ እዩት ይሄን አጭበርባሪ! አንቄ ልጨርሰው ስል እንታረቅ ይለኛል!"

አቶ ካሱ ከበርጩማቸው ቀና አሉ። "እንታረቅ አለህ?"

"ተኩስ ይቁም፣ መርከቦችህን ወደ ወደብ መልስ፣ እኔም እመልሳለሁ ነው የሚለው። ማን ሞኝ አለ!" እምቢ የሚለውን ሊጫን ማውሱን አንቀሳቀሰ።

የአቶ ካሱ እጅ በእጁ ላይ አረፈ። ሰፊ፣ ደረቅ፣ ዕድሜ ልኩን ድርና ማግ ሲያቀያይር የኖረ እጅ ነው።

"ታረቅ" አሉት።

"አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው።"

"እርቅ የለመነን መግፋት ጎሜ ነው።"

ጎሜ ማለት በጋሞ ዘንድ ነውር ብቻ አይደለም፤ ነውሩ ወልዶ ልጅን፣ ከብትን፣ ማሳን ተከትሎ የሚመጣው መዘዝም ጭምር ነው። ይህን ያህሉን ተክለወልድም ሰምቷል።

"ሰው አይደለም አልኩዎት እኮ! ማሽን ነው! ማንም የለም እዚህ ውስጥ!"

"እሱ ሰው አይደለም። አንተ ግን ሰው ነህ" አሉ አቶ ካሱ። እጃቸውን አላነሱም።

እስቲ ፍረዱ። እሁድ ልጃቸውን ይዘው ሊሄዱ የሚችሉ አማት እጅህ ላይ እጃቸውን ጭነው "ታረቅ" ሲሉህ ምን ታደርጋለህ? እጃቸውን ትገፈትራለህ? ተክለወልድ ስክሪኑን አየ፣ እጁን አየ። ከዚያ ነፍሱ እየተንገበገበች እሺ የሚለውን ተጫነ። መርከቦቹ ሁሉ፣ ስንት ወር የደከመባቸው መርከቦች፣ አፍንጫቸውን አዙረው ወደ ወደብ ተመለሱ። አቶ ካሱ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉለት፣ "ጎበዝ" ብለውት ለማረፍ ገቡ።

ያን ዕለት ማታ ለጸዳለ አልነገራትም። አላሸነፈማ።

ቅዳሜ ጸዳለ ሥራ የላትም። ጓሮ ልብስ ታጥባለች፤ በሩ ስለተከፈተ የውሃው ድምፅ ይሰማል። እሁድ ነገ ነው። ጠዋት ሻይ ስታቀርብለት ዓይኑን አይታ ትንሽ ቆማ ነበር፤ 'አሁን ንገራት' አለው ልቡ፣ እሱ ግን "ስኳር አነሰው" አላት። እሷም ስኳሩን አምጥታ አስቀምጣለት ወጣች። ከዚህ በኋላ ምን ቀረው? ላፕቶፑን ከፈተ። አማቱም በርጩማቸውን ይዘው መጡ።

ተራውን ለቀቀ። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ስክሪኑ በእሳት ተሞላ።

እርቅ ብሎ ነዳጁን ሞላ፤ እርቅ ብሎ ከወጥመዱ ወጣ፤ ከዚያ ዞሮ መጥቶ ወደብ ውስጥ ተደርድረው የቆሙትን የተክለወልድ መርከቦች ከነአውሮፕላኖቻቸው አነደዳቸው። አንዱ ሰመጠ፣ ሌላው ሰመጠ፣ ትልቁ ለሁለት ተሰበረ። ጽሑፉ ይወርዳል፤ ይህ ሰመጠ፣ ያ ሰመጠ፣ ያኛውም ሰመጠ። ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከክረምት ጀምሮ የተደከመበት ሁሉ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ ሳይቆይ አለቀ።

ተክለወልድ አልጮኸም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያል።

አቶ ካሱ ጠጋ ብለው አዩ። "ተሰበሩ?"

"ተሰበሩ።"

"ጠግናቸዋ" አሉት በየዋህነት። "አንተ መሐንዲስ አይደለህ?"

ይህች ቃል ናት የጨረሰችው።

"መሐንዲስ!" ብሎ ብድግ ሲል ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። "መሐንዲስ ይሉኛል! እኔ አንድ ፓምፕ በእጄ ፈትቼ አላውቅም፣ ይሰማሉ? አንድም! ተማሪ ሳለን ሌሎቹ ብሎን ሲፈቱ እኔ ሪፖርት ነበር የምጽፈው። ጽሑፍህ ያምራል አሉኝ፣ ወደድኩት፣ እጄ ሳይቆሽሽ በጥሩ ውጤት ተመረቅሁ። ካምባ ስሄድ ምን እንደሆንኩ ያውቃሉ? አያውቁም፣ አልጠየቁኝማ! ሳምንቱን ሙሉ የመርከበኛ ምሳ ሲጠይቁኝ ይህን አልጠየቁኝም!"

የጓሮው ውሃ ድምፅ ቆሟል። ተክለወልድ አላስተዋለም። ፊቱን ወደ ላፕቶፑ አዙሮ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀስሮ፣ በዚያ በሚነደው ወደብ ላይ ነው የሚጮኸው።

"ቢሮው በር ላይ ደርሻለሁ። ሸሚዜ ተተኩሷል፣ ሰነዴ በእጄ ነው። አንድ ሰውዬ ከገጠር መጥቷል፣ የተሰበረ የፓምፕ ሆድ ዕቃ በትከሻው ተሸክሞ። አየኝና በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ አልገባኝም። በአማርኛ ደገመልኝ። 'ይመጣል የተባልከው መሐንዲስ አንተ ነህ?' አለኝ። ብረቱን ከትከሻው አውርዶ እጄ ላይ ሊያስቀምጥ ዘረጋልኝ። ዘይቱ ይንጠባጠባል። አየሁት። ከላይ ይሁን ከታች የቱ እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም። ከኋላው ሴቶች ጀሪካን ይዘው ቆመዋል፣ እሱን አጅበው የመጡ። 'አንተ ነህ?' አለኝ። 'አይ፣ እኔ አይደለሁም' አልኩት። እኔ አይደለሁም ብዬ ዞርኩና ወጣሁ! መናኸሪያ ቁጭ አልኩ! ቦታው ተይዟል ብዬ ዋሸሁ! በቃ! ይኸው ነው!"

ዞር ሲል ጸዳለ በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇ አረፋ ነው።

"ሰማሽ?" አሉ አቶ ካሱ።

"ሰማሁ" አለች። ባሏን አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለው ነበር። "ስንት ወር አጠገብህ ተኝቼ ስጠብቅህ ኖሬ፣ ለኮምፒውተር ነገርከው።"

"ለአባባ ነው የነገርኩት" አለ ተክለወልድ ቀስ ብሎ።

"አይደለም። ወደሱ ዞረህ ነው ስትጮህ የነበርከው" ብላ ላፕቶፑን በአገጯ አመለከተችና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ተክለወልድ የወደቀውን ወንበር አንሥቶ ቁጭ አለ።

"ለምን አልጠየቁኝም አባባ? ከማክሰኞ ጀምሮ እየጠበቅኩዎት ነው።"

አቶ ካሱ በእውነት ተገረሙ። "እኔ ነኝ አንተን ስጠብቅ የነበርኩት" አሉ። "እኛ ጋ ሽማግሌ ጠይቆ አያወጣም። እኔ ጠይቄህ ብትናገር የኔ ቃል ነው። ያጠፋ ሰው ራሱ አፉን ይከፍታል፤ ሽማግሌ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል። ይሄን ጸዳለ አልነገረችህም?"

"አልነገረችኝም!"

"የሚያውቅ መስሎኝ ነው!" የሚል ድምፅ ከጓሮ መጣ። "ይህን ሁሉ ዓመት ከኛ ጋር ኖሮ ይህን ያጣዋል ብዬ አላሰብኩም!"

ተክለወልድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሱ ይጠይቁኝ ብሎ ሲቃጠል፣ እሳቸው ይናገር ብለው በበርጩማ ላይ ሲደርቁ፣ ሳምንቱ አለቀ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኮምፒውተሩስ ምን አጠፋ? እሱ ቢያንስ ተራው ሲደርስ ይጫወታል።

እሁድ ጠዋት ጸዳለ ሻንጣ አልጋው ላይ አድርጋ ልብስ ስታጣጥፍ ተክለወልድ በሩን ተደግፎ ያያል። መናገሩን ተናግሯል። ግን እንደዚያ ተጩኾ የተነገረ እንደተነገረ ይቆጠራል? አያውቅም። ለመጠየቅም አፈረ። የምታጣጥፈው ሸሚዝ የእሱ መሆኑን ያየው ዘግይቶ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አባቴን ጠይቀው" አለች። "እሱ ተጠይቆ ይመልሳል።"

አቶ ካሱ ደጅ ላይ ሸማቸውን ተከናንበው ለመንገድ ተዘጋጅተው ቆመዋል።

"ጸዳለ አትወጣም፤ ሰኞ ተማሪ አላት" አሉት። "አንተ ነህ ከኔ ጋር የምትወጣው። ከመንደራችን በታች ፓምፕ አለ። ቆሟል። ሴቶቹ ውሃ ቁልቁል ወርደው ነው የሚቀዱት።"

ተክለወልድ ደጃፉ ላይ ቆመ። "አባባ፣ ትናንት የነገርኩዎትን አልሰሙም? አልችልም እኮ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ባበላሸውስ?"

"ቆሟል አልኩህ" አሉ አቶ ካሱ፣ በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ትዕግሥታቸው እንዳለቀ ያስታውቃል። "የቆመን ነገር ብታበላሸው ምን ታበላሸዋለህ? ና እንሂድ፣ መኪናው ይሞላል።"

ጸዳለ ሻንጣውን ዘግታ አመጣችለት። ተቀበላት፤ እጇን ግን አልለቀቀም።

"ስመለስ እዚህ አገኝሻለሁ?"

ለማባበል ብላ የምትናገር ሴት አይደለችም።

"ሠራሁት ብለህ ብትመጣ እሰማሃለሁ" አለችው። "አቃተኝ ብለህ ብትመጣም እሰማሃለሁ። ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሠርቶት አገኘሁ ብለህ ግን እንዳትመጣ።"